ባለ ሃያ አራት ሳንቲሙ ቴምብር

ከሚስተር ዊተከር አልበም አንድ ቴምብር ጠፋ። በ1869 የታተመ የአሜሪካ ቴምብር። ባዶ ቦታውን ያየው ልጃቸው ሮበርት ነው፤ በ1986፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አሜሪካ ውስጥ፣ አቮንዴል እስቴትስ በሚባል ሰፈር።

ጣቱን የቀሰረው በሽማግሌው አባቱ አስታማሚ፣ በየሺእመቤት ላይ ነበር።

«ጋሽ ገሠሠ፣ ፖሊስ ኮል ላደርግ ነው እያለኝ ነው!» አለች በስልክ። «እርስዎ የፖስታ ቤት ሰው ነዎት። ይድረሱልኝ!»

አቶ ገሠሠ አዲስ አበባ ዋናው ፖስታ ቤት፣ የቴምብር መስኮት ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። አሁን ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናሉ። ከሚኖሩበት ከኢስት ፖይንት በመኪና ከንፈው መጡ።

አልበሙን ሲገልጡ የአሮጌ ሙጫ ሽታ አወዳቸው። በዚያ መስኮት ላይ ተደግፈው፣ አጉሊ መነጽር እየተዋዋሱ ሲከራከሩ የሚያረፍዱት ሰብሳቢዎች ትዝ አሏቸው። ባቡሩ፣ መርከቡ፣ ፈረሰኛው በየቦታቸው አሉ። የጎደለው አረንጓዴና ሐምራዊው፣ ባለ ሃያ አራት ሳንቲሙ ብቻ ነው።

«ውዱ የትኛው ነው?» ሲሉ ሮበርትን ጠየቁት።

«ባለ ዘጠናው።»

«ታዲያ ሌባ እሱን ለምን ተወው?»

«ዋጋውን ስለማታውቅ!»

«የማያውቅ ሌባማ አልበሙን እንዳለ ነበር የሚያነሣው።» አቶ ገሠሠ ትንሽ አሰቡ። «ደብዳቤ መላኪያ አሁን ስንት ነው?»

«ሃያ ሁለት ሳንቲም።»

«አገራችሁ ከ1861 ወዲህ የታተመ ቴምብር ዛሬም ይሠራል። ባለ አሥራ አምስቱ አይበቃም፤ ባለ ሠላሳው ይበዛል። ይህን ያነሣው ሰው ደብዳቤ ሊልክበት ነው።»

የሺእመቤት ክው አለች። «ማክሰኞ አባትየው የታሸገ ፖስታ ሰጥተውኝ የፖስታ ሳጥን ውስጥ ጨምሬያለሁ! ቴምብሩን ልብ አላልኩትም። ሳቫና ከተማ ላለች፣ ሩት ለምትባል ሴት ነው።»

ሽማግሌው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ነገር ከአእምሯቸው ይጠፋል። አቶ ገሠሠ ጎንበስ ብለው፣ «ሩት ማን ናት?» አሏቸው።

የሽማግሌው ፊት በራ። «ልጆች ሳለን ያንን ቴምብር ሱቅ መስኮት ላይ አየነው። በእሱ ደብዳቤ እልክልሻለሁ አልኳት። ቴምብሩን ስገዛው ሌላ አግብቼ ነበር፤ አፈርኩ፣ ተውኩት። አሁን ግን ሰው ሁሉ ከጭንቅላቴ እየወጣ ነው። እሷም ሳትወጣ እልክላታለሁ።»

መላካቸውን ረስተውታል።

ሮበርት የአባቱን አድራሻ ደብተር አገላብጦ ሳቫና ደወለ። አንዲት አሮጊት አነሡ። «ትላንት ደርሶኛል» አሉ። «ስድሳ ዓመት ጠብቄዋለሁ።»

ሮበርት ስልኩን ሲዘጋ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። ወደ የሺእመቤት ዞሮ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት።

«ሌባ ባሉኝ ቤት አልሠራም» አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ በሩ ሄደች።

ሽማግሌው ከኋላዋ ተጣሩ። «የሺ፣ ደብዳቤ ልኬ ነበር እንዴ?»

ቆመች። ተመልሳ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ልከዋል፤ ደርሷታልም» አለቻቸው።

ብዙም ሳይቆዩ እንደገና ጠየቋት። እንደገና ነገረቻቸው።