ከጣሪያው ላይ በቀጥታ

ዘጋቢዋ የሞተችው አገር ሁሉ እያያት ነው። በቴሌቪዥን ጣቢያው ጣሪያ ላይ ቆማ፣ በከተማው ስለተነሳው ሁከት በቀጥታ ስታስተላልፍ፣ የተደገፈችው የብረት አጥር ተላቀቀና ከነማይክሮፎኗ ቁልቁል ወረደች። ጣቢያው ምስሉን እስኪመሽ ደጋግሞ አሳየው።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ጣሪያውን ወጥታ አየች። ከዚያ ሁሉ አጥር ብሎኖቹ የተፈቱት አንዱ ክፍል ላይ ብቻ ነበር። የቀረው ቢወዘውዙትም አይነቃነቅም።

መጀመሪያ የሟችን ባል አነጋገረች።

«ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«ለመጣላትም እኮ መገናኘት ያስፈልጋል» አለ ባልየው። «እኔም እንደ ሰው ሁሉ የማያት በቴሌቪዥን ነበር። ሌላ ሴት መያዜን ስትሰማ እንኳ ‹ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ተውልኝ› ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።»

ዋና አዘጋጁ ደግሞ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስለ ተመልካች ብዛት ያወራል።

«ልታሰናብታት ነበር?» አለችው መርማሪዋ።

«አርጅታ ነበር። ስክሪን ይሉኝታ አያውቅም።»

«ጣሪያው ላይ የምትቆምበትን ቦታ ማን መረጠ?»

«ካሜራማኑ ነዋ። እሱ ካቆማት ቦታ ንቅንቅ አትልም።»

ካሜራማኑ ከእሷ ጋር ጦርነትም ጎርፍም የዞረ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። «ስትወድቅ ደነገጥኩ፤ እጄ በልማድ ተከተላት» አለ።

መርማሪዋ ሦስቱንም ስብሰባ ክፍል ጠራቻቸውና ምስሉን በዝግታ አስኬደችው። ባልየው ፊቱን አዞረ፤ ዋና አዘጋጁ አላዞረም።

«ብሎኑን የፈታው ሰው የት እንደምትደገፍ ቀድሞ ያውቃል» አለች። «ባልየው አያውቅም። ዋና አዘጋጁም አያውቅም፤ ቦታ የሚመርጠው ካሜራማኑ ነው። ይሄ ብቻውን ግን አይበቃኝም። እዚህ ጋ እዩ። አጥሩ አልተነቃነቀም፣ እሷም እያወራች ነው። ካሜራው ግን ወደ ታች መውረድ ጀምሯል።»

«ብረቱ ሲጢጥ ሲል ሰምቼ ነው» አለ ካሜራማኑ።

«ከሰማህ ለምን አልጠራሃትም?»

ካሜራማኑ እጆቹን አየ።

«ሾፌራችን ታናሽ ወንድሜ ነበር» አለ። «ጎርፉ ሲወስደው እጁን ዘርግቶልኛል። እሷ ‹እንዳታቋርጥ› አለችኝ። በዚያ ምስል ተሸለመች። ስትሸለም የቀረጽኳትም እኔ ነኝ።»

«ካሜራውን ጥለህ እጁን እንዳትይዝ፣ አንተን ማን ይዞህ ነበር?»

«ማንም።»

ባልየው አንገቱን ደፋ። ዋና አዘጋጁ ግን በሩን ከፍቶ ኮሪደር ላይ ሲጠብቅ የነበረ ሌላ ካሜራማን አስገባና «ካቴናው ሲገባለት እንዳያመልጥህ» አለው።

መርማሪዋ ዋና አዘጋጁን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ካቴናውን አወጣች። ተጠርጣሪው እጆቹን ዘረጋና ወደ አዲሱ ካሜራማን ዞረ።

«መስኮቱ ከኋላዬ ነው፤ ፊቴ ይጠቁርብሃል» አለው ቀስ ብሎ። «በዚህ በኩል ዙር።»