ቀይ ክር ያሰሩት ሁለቱ ግልገሎች

«አዳልጧት ነው» ቢሉህ ታምናለህ? አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ገንዳ ጠርዝ ስትመላለስ አንድ ቀን እግሯ ያልከዳት ሴት እንግዳ በተጠራበት ጠዋት ተንሸራታ ሞተች ቢሉህ፣ ነፍስ ይማር ብለህ ወደ ጉዳይህ ትሄዳለህ? የፍየል እርባታ ጣቢያው አለቆች ያደረጉት ይህንኑ ነው።

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ከመዥገር መድኃኒት ገንዳው ወጥቶ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሟል። ሟቿን ሁሉም «ሞግዚት» ይሏታል። የቀነጨሩ፣ እናታቸው የገፋቻቸውን ግልገሎች ሰብስባ በጡጦ የምታሳድግ ሴት ነበረች። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ማይክሮፎን ቆሟል። እያንዳንዳቸው አንድ ግልገል ሊረከቡ የመጡ ስድሳ ሴቶች ገመዳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን እያስተካከለ ቀረበ።

«አሳዛኝ አደጋ ነው። ዛሬ የመንከሪያ ቀን ነው፤ ሁለት ግልገል ነክራ ሦስተኛውን ስታነሳ አዳልጧት ነው። እኔ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስገባ ሁሉም አልቋል። ሴቶቹ ፀሐይ ላይ ናቸው፤ ቶሎ ብንጨርስ?»

«ሟቿ አትቸኩልም» አለች መርማሪዋ። ጎንበስ ብላ የሬሳውን ራስ ቀስ አድርጋ አዞረች። ማጅራቱ ተሰንጥቋል። «በግንባሯ ተደፍታ ነው የተገኘችው። ታዲያ ማጅራቷን ምን መታት?»

ሥራ አስኪያጁ አፍታም አልፈጀበት። «አደጋ ካልሆነማ ወንድሟን ይጠይቁ። ትናንት ሲጨቃጨቁ ግቢው ሁሉ ሰምቷል።»

ታናሽ ወንድሟ የመኖ መጋዘኑ ጠባቂ ነው። መርማሪዋ መጋዘኑ ስትገባ ጥቆማውን የሰማ ፖሊስ ቀድሟት እጁን ካቴና አስገብቶ ጆንያ ላይ አስቀምጦታል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«የሻገተ ፉርሽካ ልኬባት ነው። ‹ሆዳቸው ውስጥ ያለው ትል ሳያንስ አንተ ደግሞ ሻጋታ ትጨምርባቸዋለህ?› ብላ ጆንያውን እላዬ ላይ ገለበጠችው። እውነቷን ነው፤ ሳላይ ነው የላክሁት። ማታ ደግሞ ራት አቅርባ ‹ብላ፣ ይሄ አልሻገተም› አለችኝ። እታለም እንደዚያ ናት።» ፈገግ ሊል ከጀለው።

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስመጣ በጤነኞቹ በረት ውስጥ ሁለት ግልገሎች ውሃ በውሃ ሆነው ይንቀጠቀጣሉ። አደራርቄ እዚህ ምድጃው ጥግ አስተኛኋቸው። ከዚያ ልቆጣት ስፈልጋት፣ ገንዳው ውስጥ...»

«ስለ ግልገሎቹ ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። እሷን ካየሁ በኋላ ግልገል ትዝ አላለኝም፤ አሁንማ ካቴና ያጠለቁለትን ሰው ማን ይሰማዋል?»

መርማሪዋ ጆንያውን ገለጥ አደረገች። ሁለት ትንንሽ ራሶች ብቅ አሉ፤ አንገታቸው ላይ ቀይ ክር ታስሯል። አንደኛው ጣቷን ጎርሶ መጥባት ጀመረ። ፀጉራቸው የመድኃኒቱን ገንዳ ይሸታል።

የጣቢያው የእንስሳት ሐኪም በሩ ላይ ደርሶ ሲያያቸው ጮኸ። «እነዚህን ማን ነከራቸው? ሊገድላቸው ነው እንዴ?»

«ዛሬ የመንከሪያ ቀን አይደለም?»

«ለትልልቆቹ ነው! እነዚህ በላያቸው ስብ የላቸውም፤ ብርድ ይጨርሳቸዋል። ሞግዚት መዥገራቸውን በእጇ እየነቀለች በጨርቅ ነበር የምትጠርጋቸው።»

«ክሩስ?»

«ተቅማጥ የያዛቸው ናቸው። ለብቻ ያድራሉ፤ ጤነኞቹ ጋ አይደርሱም። በረቱን የረገጠ ሁሉ ያውቃል።»

«ሟቿ ጠላት ነበራት?»

ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትናንት ሥራ አስኪያጁን ‹ዘጠኝ ኪሎ ያልሞላ ከእጄ አይወጣም፤ ካስገደዱኝ ማይኩን ይዤ ለሴቶቹ እነግራቸዋለሁ› አለችው። ከስድሳው የሞሉት ሃያ ሁለቱ ናቸው።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምንም።»

ምንም! ይህን ያህል ዓመት የተማረ ሰው፣ እርጥብ ግልገል ሲያይ የሚጮህ ሰው፣ ለእሷ ትንፍሽ አላለም።

መርማሪዋ ሁሉንም ድንኳኑ ሥር ሰበሰበች። ሁለቱን ግልገሎች አቅፋ ማይክሮፎኑ አጠገብ ቆመች።

«ገዳዩ ሴትየዋን ከኋላ መትቶ ገንዳው ውስጥ ጣላት። አደጋ ለማስመሰል ሁለት ግልገል ነክሮ ወደ በረት መለሰ። ሁለቴ ተሳሳተ። ቀጫጮቹ እንደማይነከሩ አያውቅም፤ ሟቿ ብትሆን ይህን አታደርግም። በሽተኞቹን ደግሞ ከጤነኞቹ ቀላቀለ፤ የክሩን ትርጉም አያውቅም። ወንድሟ ያውቃል። ሐኪሙም ያውቃል። ገዳዩ እዚህ እየሠራ ይህን የማያውቅ፣ በረቱን በወረቀት ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው።»

«ይህ ግምት ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ግምት ነበር፤ ግን አንድ ቃል አመለጠዎት። ‹ሁለት ግልገል ነክራ› አሉኝ። እርስዎ ከመድረስዎ በፊት እነዚህ ምድጃ ጥግ ተጠቅልለው ነበር። ያገኛቸው ሰው ለማንም አልተናገረም። ሁለት መሆናቸውን ከነካሪው ሌላ ማን ያውቃል?»

ከሴቶቹ አንዷ ገመዷን መሬት ላይ ጣለች። የሥራ አስኪያጁ ፊት ዐመድ መሰለ።

«ካቴናውን ከልጁ አውልቃችሁ ለባለቤቱ ስጡት» አለች መርማሪዋ።

«እኔ... መልሴን በጽሑፍ ለበላይ አካል አቀርባለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«በጽሑፍ?» ወንድሟ ያበጠውን አንጓውን እያሻሸ ተነሣ። ማይክሮፎኑን ነቅሎ ሰውየው አፍ ሥር ደቀነው፤ የሰውየው ትንፋሽ ግቢውን ሞላው። «እታለም ልትናገር የነበረው በዚህ ነው። ጌታዬ፣ እነዚህ እናቶች እየሰሙ ይመልሱ፤ ሠላሳ ስምንት የማይተርፉ ግልገሎች ሊያሸክሟቸው አልነበረም? ይህን እንዳትነግራቸው አይደለም እህቴን የገደሏት? ማይኩ ክፍት ነው፤ ይናገሩ!»