ጥሪው ወደ ማን ሄደ

ሽማግሌው ከአልጋቸው ሥር ወድቀው ሞተው ሲገኙ፣ ከአንገታቸው የተንጠለጠለውን የአደጋ ጊዜ መጥሪያ ቁልፍ እንደ ጨበጡ ነበር። ሰው ቢደርስላቸው ይተርፉ እንደነበር ሐኪሙ ተናግሯል። ቁልፉን ሲጫኑት ግድግዳው ላይ ያለችው ትንሽ ሣጥን በኢንተርኔት ለሴት ልጃቸው ትደውልና በድምፅ ማጉያዋ ታነጋግራቸዋለች። አሁን ግን በሣጥኗ ውስጥ የልጅቱ ቁጥር ጠፍቶ የራሳቸው የሽማግሌው ስልክ ቁጥር ገብቷል።

ፖሊሶች ሣጥኗን የገጠመውን ቴክኒሻን ያዙት። ቁጥሩን ለመቀየር የሚጠየቀው የይለፍ ቃል በእሱ እጅ ብቻ ነበር።

መርማሪዋ ክፍሉን ቃኘች። አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ። ላፕቶፗን ከቤቱ ዋይፋይ ጋር አገናኝታ ጥቂት ቆየችና፣ ከላይ ፎቅ የተከራየውን ልብስ ሰፊ አስጠራችው።

«ለጋሼ ማንም አይደውልም ነበር» አላት። «ሰሞኑን ግን ስልካቸው ይጮኻል፤ ‹ልጄ፣ ምሳ በላሽ?› ሲሉ እሰማለሁ። አስታወሰቻቸው ብዬ ደስ አለኝ። የሞቱ ዕለት ግን ጮኾ ጮኾ ቆመ። ተኝተዋል አልኩ።»

ከከተማው ማዶ የምትኖረው ልጃቸው እሑድ እሑድ ትመጣለች። አባቷ ያለ ምንም አደጋ፣ ድምጿን ለመስማት ብቻ ቁልፉን ደጋግመው ይጫኑ እንደነበር አልሸሸገችም። ስብሰባ መሃል እንኳ ይደወልባታል። መጨረሻ የደወሉት መቼ እንደሆነ ስትጠየቅ፦

«ካለፈው እሑድ ወዲህ የለም። ትንሽ እፎይ ብዬ ነበር።»

መርማሪዋ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«የይለፍ ቃል የሚጠየቀው በሣጥኗ ዋና ገጽ ለሚገባ ነው» አለች። «ቁጥሩ ያለበት ፋይል ግን ከፋብሪካ እንደወጣ፣ በቤቱ ዋይፋይ ላለ ሁሉ ክፍት ነው። እኔም ያለ ይለፍ ቃል ከፈትኩት።»

ቴክኒሻኑ አንገቱን ደፋ። ፋይሉን ሳይዘጋ ነበር የሄደው።

«ዋይፋዩን እኔም እጋራለሁ» አለ ልብስ ሰፊው። «በሉ እኔንም እሰሩኝ።»

«እርስዎም ይችሉ ነበር። ግን ዕለት ዕለት የሚደወልላት ልጅ ድንገት ዝም ሲባልባት፣ ምን ሆነው ይሆን ብላ አትደውልም?» ወደ ልጅቱ ዞረች። «ስልካቸውን አየሁት። በሳምንቱ የገቡት ጥሪዎች በሙሉ ከዚህች ሣጥን ናቸው። የሚያወሩት ከራሳቸው ጋር ነበር። እርስዎ ያልደነገጡት ዝምታው ከየት እንደመጣ ስለሚያውቁ ነው።»

ልጅቱ ግድግዳው ላይ ወዳለችው ሣጥን ተጠጋች።

«ለአንድ ሳምንት ብቻ ነበር» አለች። «እሑድ ስመጣ ልመልሰው ነበር።»

መርማሪዋ ቁልፉን ከጠረጴዛው አንስታ ተጫነችው። ትራሱ አጠገብ የሽማግሌው ስልክ ጮኸ። ከልጅቱ በቀር ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሄዳ አነሳችው፤ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ጥቂት አዳመጠች።

«በልቻለሁ፣ አባባ» አለች።