ጌትነት መቅዘፍ ያቆመበት ፊልም

እኔ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፣ መብራት ድርግም ሲል ሌላው ሲያማትብ እኔ ፊውዝ ነው የምፈልገው፣ መንፈስ ታየ፣ ጥላ አለፈ የሚል ወሬ ሲነሣም ከመሀል ተነሥቼ እሄድ ነበር። አሁንም አመንሁ ማለቴ አይደለም፤ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

ክረምት ላይ ነው። የባለቤቴ አባት መሪጌታ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከደቅ ደሴት መጥተው ሹም አቦ ሰፈር እኛ ቤት ሰንብተዋል። ያን ሰሞን ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝተን ነበርና፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ዝናቡ አላስወጣ ሲለን፣ ባለቤቴም ሥራ ገብታ ስለነበር፣ "አባባ፣ የጌትነትን ፊልም ልክፈትልዎት?" አልኋቸው። ጌትነት ልጃቸው ነው፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፤ ጣና ከወሰደው ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፣ አስከሬኑም አልተገኘ። ከመሞቱ በፊት ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ቀጥረውት ነበር፤ ተዋናዮቹ ዳር ላይ ቆመው ሲጣሉ እሱ ከኋላቸው ታንኳ እየቀዘፈ ያልፋል፤ ይችው ናት። እኛ ቤት ስንት ጊዜ ታይታለች መሰላችሁ።

"እስቲ ክፈትልኝ" አሉ።

ታዲያ በአዲሱ ቴሌቪዥን ፊልሙ ፊልም አልመስል አለኝ። ሁሉ ነገር ልስልስ፣ ጥርት ብሎ፣ በቀጥታ የሚተላለፍ ይመስላል፣ ተዋናይዋ የተቀባችው ቀለም ሳይቀር ይታያል፣ ያ የድሮው ወዝ ጠፍቷል። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ እነዚህ ቴሌቪዥኖች እንቅስቃሴው እንዲለሰልስ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል ካሜራው ያላነሣውን ምስል ከራሳቸው ፈጥረው ይጨምራሉ። ማለስለሻውን ቆይቼ አጠፋዋለሁ ብዬ ተውሁት።

መሪጌታ ወንበራቸውን አስጠግተው "መስኮት የከፈትህልኝ መሰለኝ" አሉ።

የታንኳው ቦታ ደረሰ። መጀመሪያ ያስተዋልሁት ድምፁን ነው፣ እዚያ ላይ ክራር ይመታል፣ ከክራሩ ሥር ውሃ ሲቀዘፍ ተሰማኝ፣ ዝናቡ ነው አልሁ። ጌትነት በቀኝ ገባ። በግራ መውጣት ነበረበት፣ እመኑኝ፣ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ መሀል ሲደርስ ግን መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመው። ተዋናዮቹ ይጣላሉ፣ እሱ ቆሟል። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ወደ ካሜራው እንዳይመስላችሁ፣ መሪጌታ ወደተቀመጡበት ጥግ ነው ያየው፣ አፉንም ከፈተ።

"አቤት፣ ልጄ" አሉ መሪጌታ፣ በዝግታ፣ ከጓሮ እንደተጠራ ሰው።

ሪሞቱን መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም። ማለስለሻውን ፈልጌ አጠፋሁት። ፊልሙ የድሮ መልኩን ያዘ፣ ታንኳው በግራ በኩል እየወጣ ነበር። ወደ ኋላ መልሼ አየሁት፣ ሳይቆም አለፈ።

"ለምን ዘጋህበት?" አሉኝ።

"አባባ፣ ማሽኑ ነው እኮ፣ ያልነበረ ምስል ይፈጥራል።"

"ሊነግረኝ ነበር። መልሰህ ክፈተው።"

አልከፈትሁም። ለእሳቸው አዝኜ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ እውነቱን ለናንተ ልንገር፣ ፈርቼ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሕክምናውን ሳይጨርሱ በጀልባ ወደ ደቅ ተመለሱ። ባለቤቴ አባቷ በድንገት ለምን እንደሄዱ አልገባትም፣ እኔም አልነገርኋት። አሁን በየሳምንቱ ይደውላሉ፣ ስለ ጤናችን፣ ስለ ልጆቹ ጠይቀው ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ከፈትኸው?" ይሉኛል። ባለፈው ጊዜም አልከፈትሁም አልኋቸው።

"እኔስ ይሁን" አሉ፣ "እሱ ግን መቅዘፊያውን እንዳስቀመጠ ነው።"

ስልኩ ተዘጋ። ባለቤቴ "ምን አሉ አባባ?" አለችኝ።

"ሰላም ብለውሻል" አልኋት።