የኩርኩራው ዛፍ አኩኩሉ

ማስታወቂያ! ለተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች እና ግቢያችንን ለምትጎበኙ ፍየሎች በሙሉ፦ በትምህርት ቤታችን አኩኩሉ መጫወት በጥብቅ የተከለከለ ነው።

ሳቃችሁ አይደል?

እኔም ሸዋ ሮቢት በመምህርነት ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን በሩ ላይ ሳነበው ስቄያለሁ።

ይሄ ግን በዓይኔ ያየሁት ነው። ያለፈው ጥር፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ሙቀቱ ዝንቡን ሳይቀር የዓመት ፈቃድ ያስወጣል።

ፈተና ላርም ገባሁ። ግቢው ጭር ብሏል...

ዘበኛችን ጋሽ መሳፍንት ኩርኩራው ዛፍ ላይ ተደግፈው፣ ዓይናቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ቆመዋል።

"አኩኩሉ..." አሉ።

ብቻቸውን!

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል የጽዳቷ እትዬ ቆንጅት እጅጌዬን ያዙኝ።

"ተው መምህር... አይሳቅም።"

"ምን ሆነው ነው?"

"ልጃቸው ጸደንያ..." አሉ በሹክሹክታ። "አምና ሐምሌ እዚሁ ስትጫወት ከአጥሩ ወዲያ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ተደበቀች። እዚህ ጠራራ ፀሐይ ነበር። ላይ ደብረ ሲና ግን ዘንቦ ኖሯል... ጎርፉ ድንገት ደረሰ። ሬሳዋም አልተገኘም።"

"እሳቸውስ?"

"ዓይናቸውን የጨፈኑት እሳቸው ነበሩ። ልጆቹ ለምነዋቸው። 'አልነጋም' እንዳለች ቀረች።"

ጨዋታውን ለረሳችሁ... ተደብቆ ያልጨረሰ "አልነጋም" ይላል። "ነጋ" ሲባል ነው ዓይን የሚገለጠው፤ ከዚያ ፍለጋና ሩጫ ነው።

ዓይን እስኪገለጥ ድረስ ማንም አልጠፋም።

"አኩኩሉ..." አሉ ጋሽ መሳፍንት እንደገና።



ከዚያ ከወንዙ በኩል፣ ቀጭን ድምፅ...

"ነጋ!"

እትዬ ቆንጅት አማተቡ።

ዝናብ ካየ ወራት ባለፈው አቧራ ላይ እርጥብ ዱካ ታየኝ። ትንሽ እግር። ጫማ የሌለው።

አንድ... ከዚያ ሌላ...

እየሮጠ ወደ ዛፉ።

ማንም የለም። ዱካው ብቻ።

የጋሽ መሳፍንት እግር ሥር ሲደርስ ቆመ። ሸሚዛቸው ጀርባ ላይ የጭቃ መዳፍ ቀስ ብሎ ወጣ... ጣቶቹ ቀጫጭን ናቸው።

"ጋሽ መሳፍንት..." አልኳቸው። "ነጋ እኮ አለች... ይዙሩ!"

እንባቸው በክንዳቸው ወርዶ ክርናቸው ላይ ይንጠባጠባል። ዓይናቸውን ግን ይበልጥ ጨፈኑ።

"አልዞርም።"

"ለምን?"

"አልዞርም አልኩህ። ከዞርኩ ጨዋታው ያልቃል።"