ከገዛሁበት በታች

«ሰሊጥ በእጥፍ ሊጨምር ነው!» ሬዲዮ የሚሉት ደላላ ይህን ወሬ ጠዋት በር ላይ፣ ከሰዓት መንገድ ላይ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል ይደግመዋል። ከማን ሰማው? ማን ጠይቆት! ተስፋ ይዞ የመጣን ሰው ከየት አመጣኸው የሚለው የለም። አንድ የሰፈሩ ነጋዴም አልጠየቀም። ያለ የሌለ ጥሪቱን ሰሊጥ ገዛበትና፣ ለመጋዘን ኪራይ ሳስቶ ጆንያውን ሳሎኑ ውስጥ እስከ ጣሪያ ደረደረው። ሶፋው ወጣ፤ መስኮቱ ተሸፈነ። ሚስቱና ልጁ ወደ መኝታ ክፍል የሚገቡት እንደ ሌባ በጎን እየሾለኩ ሆነ።

በዚህ መሀል ሚስት ታመመች። ሐኪሙ «ቀዶ ሕክምናው ከአንድ ወር ማለፍ የለበትም» አለ። የዚያን ዕለት ባልና ሚስት የሚሸጡበትን ዋጋ ተስማምተው በሩ ላይ በጠመኔ ጻፉት። «እዚህ ቁጥር ከደረሰ አንድ ቀን አላድርም፤ ልጄ ትሙት!» ብሎ ማለ።

በሃያኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ዋጋው ደረሰ። እሱ ምን አደረገ? ቁጥሩን በመዳፉ ጠረገና ከፍ ያለ ጻፈ!

«አባዬ፣ ደረሰ እኮ! ምን ትጠብቃለህ?» አለች ልጁ።

«ቆይ ልጄ፣ ገና እየወጣ ነው። ትንሽ ብንታገሥ የእናትሽ ማገገሚያም ይሸፈናል።»

«እማዬ ምን ጊዜ አላት?»

«ተይው፣ አባትሽ ያውቃል» አለች እናት ከአልጋዋ። ያውቃል! አዬ ጉድ... ምኑን ነው የሚያውቀው?

ሰኞ ዋጋው ወረደ። ማክሰኞ ከገዛበት በታች ሆነ። «ከገዛሁበት በታች ሸጬ በየትኛው ዓይኔ ሰው ልይ? ወደ ገዛሁበት ብቻ ይመለስልኝ፣ በነጋታው እሸጣለሁ» አለ። አልተመለሰም። ከዚያ ግማሹ ቢመለስ አለ፤ ከዚያ የሩቡ ሩብ። እሱ አንድ ደረጃ ሲወርድ ዋጋው ሁለት እየወረደ ጠበቀው። ሲወጣ ስስት ያዘው፣ ሲወርድ ኀፍረት ያዘው፤ መቼ ይሽጥ ታዲያ ይህ ሰው? ጆንያውን ይቆጥራል፣ ሚስቱን ያያል፣ ተመልሶ ጆንያውን ይቆጥራል። ቤቱ አየር አጠረው። ከግድግዳው ሥር ያለው ጆንያ ረጥቦ መሽተት ጀመረ።

ሐኪሙ የሰጠው ወር አለፈ። አንድ ቀን ሚስት ሕመሟን ውጣ ሣቀች። «አንተዬ፣ እኔና ሰሊጥህ አንድ ቤት ውስጥ እየሻገትን ነው። ማናችንን አስቀድመህ ልታወጣ ነው?»

ሊሥቅ አፉን ከፈተ... ግንባሩን ጆንያ ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እንዲያም ሆኖ አልሸጠም!

መጀመሪያ የወጣችው እሷ ነበረች። አስከሬኗን የተሸከሙት ሰዎች በጆንያዎቹ መሀል ማለፍ አቅቷቸው ሳጥኑን በጎን አዘነበሉት።

በሳምንቱ ገዢ ጠራ። ስንት ትሰጠኛለህ እንኳ አላለም። ሰዎች ዕጣ ፈንታ ነው እያሉ አጽናኑት። ዕጣ ፈንታ በር ሲዘጋ ነው የምናየው፤ ተከፍቶ የቆየባቸውን ቀኖች ማን ይቆጥርልናል?

የመጨረሻው ጆንያ ተጭኖ ሳሎኑ ወና ሲሆን፣ የጭነት መኪናው ሹፌር ኮፍያውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ነፍስ ይማር። ይህን ቤት አውቀዋለሁ። ያን ሐሙስ፣ ዋጋው አናት ላይ የደረሰ ዕለት፣ ሰሊጡን እንድጭን እትዬ በስልክ ጠርተውኝ መጥቼ ነበር።»

«ማን? የኔዋ?»

«አዎ። ገዢውም ገንዘቡን ይዞ ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ተቀምጧል። ሞተር ሳላጠፋ ጥጉ ላይ ስጠብቅ፣ እትዬ ግድግዳ ተደግፈው መጡና የነዳጄን ሰጥተው መለሱን። ‹ውስጥ ሆኖ ሲያንጎራጉር ሰማሁት። ከታመምኩ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም፤ ዛሬን አልነጥቀውም› አሉኝ።»