የበየደ ይውጣ

ጋሼ ወልደአረጋይ የሞቱት አንኮበር ላይ፣ በአንድ ደብር ግቢ ውስጥ፣ ውርጭ በያዘው ድንጋይ ላይ በጀርባቸው ወድቀው ነው። አጠገባቸው አንድ የተገነጠለ የመሰላል እርከን ተጥሏል። እርከኑን የበየደችው ናዝራዊት ናት፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ እሳቸው ሥር ሆና ብየዳ የምትማር። እዚያው ተንበርክካ እጃቸውን ይዛ ነበር። እጃቸው ሲቀዘቅዝባት ብርዱ መስሏት ጃኬቷን አውልቃ አለበሰቻቸው።

ወሬ መቼም መኪና አይጠብቅም። አስከሬኑ ወደሚኖሩበት ደብረ ብርሃን ሳይገባ፣ የልጅቷ ብየዳ ለቅቆ ሰውዬውን ጨረሳቸው የሚለው ቀድሞ ገብቷል። ሴት ልጅን ማን ብረት አስያዛት ያለም ነበር፤ አምና በሯን በናዝራዊት እጅ ያሠራችው ሴትዮ እንኳ ሳትቀር። የሰው ነገር እንዲህ ነው፣ ምን ይደረጋል።

ናዝራዊት ማንንም አልተከራከረችም፤ እሷም ያመነችው ይህንኑ ነው። እናት አባት የላትም። ያሳደገቻት አክስቷ ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ በዚህ ከተማ «በላሽ ወይ?» የሚላት ሰው ጋሼ ብቻ ነበሩ። ሙያውን ያስተማሯትም በወሬ አይደለም። እጇን በእጃቸው ይዘው ያስበይዷታል፣ ሲበላሽ ያስፈርሷታል፣ ደግማ ትበይዳለች። አሁን በዚያው እጅ ገደልኳቸው ብላ፣ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ እያየች ትውላለች። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ከአጠገቧ እየተነሡ ሄዱ። መጥቶ ከጎኗ የተቀመጠው ታደለ ብቻ ነው። ታደለ የጋሼ ባለቤት የእትዬ ቦሰና የወንድም ልጅ ነው፤ እዚያው ቤት አድጎ በግቢው ውስጥ ባለው የጋሼ ብየዳ ወርክሾፕ ዋና በያጅ ሆኗል።

ፖሊስ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ሊከሳት ነው ተባለ። ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ሮዳስ የአረርቲ ልጅ ናት፤ ከሞቀ አገር መጥታ የደብረ ብርሃንን ብርድ እስካሁን ይቅር አላለችውም። ሁለት ሹራብ ደርባ፣ ከኪሷ ሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመች፣ ናዝራዊትን ወርክሾፑ ውስጥ አስጠርታ አነጋገረቻት።

ያን ቀን የሄዱበት ሥራ የውኃ ታንከር ማቆሚያ ከነመሰላሉ መትከል ነበር። ጋሼ፣ ታደለ፣ ቀለም ቀቢው ሠረቀብርሃንና ናዝራዊት አብረው ነው የሄዱት። መሰላሉን ያለማንም እርዳታ የበየደችው ናዝራዊት ናት፤ ጋሼም እዚሁ ወርክሾፕ ውስጥ በሁለት ድጋፍ ላይ አጋድመው እያንዳንዱን እርከን ረግጠው ሞክረውታል። በማግስቱ ሠረቀብርሃን ቀባው።

«ታዲያ የበየድሽው አንቺ ሆነሽ እሳቸው ለምን ወጡ?»

«መውጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለች ናዝራዊት። «የወርክሾፑ ሕግ ነው። የበየደ ይውጣ ይላሉ ጋሼ። ሥራው ተተክሎ ሲያልቅ፣ ባለቤቱ ከመረከቡ በፊት፣ መጀመሪያ የሚወጣበት የበየደው ሰው ነው። እኔ ልወጣ እግሬን ሳነሣ፣ ውርጩ ብረቱ ላይ ነበርና፣ ያንሸራትትሻል ብለው ገፋ አደረጉኝ። ዛሬ እኔ ልውጣልሽ አሉ። ከዚያ በፊት እንዲህ አድርገው አያውቁም።»

«ሌሎቹስ ምን አሉ?»

«ሠረቀብርሃን መኪናው ውስጥ ነበር። ታደለ ግን ለመናቸው። ጋሼ ይቅርብዎ፣ ይቅርብዎ ብሎ እጃቸውን ያዘ። ይወዳቸዋል እኮ፣ አባቱ ማለት ናቸው። እሳቸው ደግሞ ምን ሆነሃል ብለው ሳቁበት።»

ሮዳስ ቆሎውን ማላመጧን አቆመች። «አንቺ ልትወጪ እግርሽን ስታነሺስ ምን አለ?»

ናዝራዊት አሰበች። «ምንም። ጀርባውን ሰጥቶን ገመድ ይፈታ ነበር።»

ሮዳስ ከዚያ በላይ አልጠየቀቻትም። ሠረቀብርሃንን ጠራች። እሱ ወሬ ሲያገኝ የማይመለስ ሰው ነው፤ ስለ ቀለም መወደድ ሳይቀር አወራት። ከወሬው መካከል የሚጠቅማት አንድ ነገር አገኘች። መሰላሉን የቀባው ዝገት መከላከያ በሆነው በቀዩ አንቲረስት ነው፤ በቀባበት ቀን ጠዋቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ወርክሾፑ ጨለምለም ብሏል። እርከኖቹን ከሥር በኩል እያየ ቀብቶ እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ብሩሹ ያያል ብሎ ሳቀ።

እትዬ ቦሰና ማቃቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ስለ ባላቸው ጠላት ቢጠየቁ፣ ጋሼ ዶሮ እንኳ ተቆጥተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ጋሼ ወርክሾፑን ወደፊት ለማን ሊሰጡ ያስቡ እንደነበር ሲጠየቁ ግን ቀስ አሉ። ባላቸው የልጅቷ እጅ ከእኔ ይበልጣል ይሉ ነበር፤ ትልልቁን ሥራ ከእንግዲህ እሷ ትመራለች ብለው ማዕድ ላይ ተናግረዋል። ታደለም ሰምቷል፤ ይህን ሲሉ ወደ መሬት አዩ።

በማግስቱ ሮዳስ አራቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበች። መብራቱን ከቆጣሪው ላይ አጠፋችና ለሦስቱ ሠራተኞች እንደ እርከኑ ውስጡ ባዶ የሆነ ቱቦላሬ ብረት ሰጠቻቸው። የእጅ መጋዝ ድምፅ ጎረቤት ድረስ ይሰማ እንደሆነ ማወቅ እንደምትፈልግና እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቁራጭ እንዲቆርጡላት ነገረቻቸው። ሠረቀብርሃን ግማሽ ድረስ ገዝግዞ በእግሩ ረግጦ ሰበረውና ወረወረው። ናዝራዊት ቆርጣ ስትጨርስ ጫፉን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችውና ደማች። ታደለ አስተካክሎ ቆረጠ። ከዚያ ሳያስበው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሞረድ አወረደና የቆረጠውን ጠርዝ ዙሪያውን ሞረደው። ሰው ሁሉ እጁን እያየው መሆኑን ያወቀው ሞረዱን መልሶ ሲሰቅል ነው።

«ሞረድ ማን አስተማረህ?» አለች ሮዳስ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«ጋሼ። ሰው እጁን ይቆርጠዋል፣ ሹል ጠርዝ አትተው ብለው፤ ልጅ ሆኜ።»

ሮዳስ ከተገነጠለው እርከን ጋር መሰላሉን አስመጥታ ጠረጴዛ ላይ አኖረች።

«መጀመሪያ ይህን እዩ። የናዝራዊት ብየዳ እዚህ ነው፤ ከመሰላሉ ጋር እስካሁን እንደያዘ ነው። የተቆረጠው ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ነው። ላይኛው ግማሽ ነጭ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ጋሼ ሲረግጡት የተቀደደው እሱ ነው። የታችኛው ግማሽ ውስጡ ድረስ ቀይ ቀለም ገብቶበታል። ስለዚህ ጋሼ ረግጠው ከሞከሩት በኋላ፣ ሠረቀብርሃን ሳይቀባው በፊት፣ አንድ ሰው ከሥር በመጋዝ ገዝግዞታል። መብራት ስላልነበር መቁረጫ ማሽን አልሠራለትም።»

ናዝራዊት ብየዳዋን አየችው። ሳጥን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሁለተኛ፣ ማን ሊገድላቸው ፈለገ ብዬ ብፈልግ ሰው አጣሁ። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት። በዚያ መሰላል መጀመሪያ መውጣት የነበረበት ማን ነው? የበየደ ይውጣ። ጋሼ እንደሚወጡ እሳቸው ራሳቸው እንኳ እዚያ እስኪደርሱ አያውቁም። እርከኑ የተቆረጠው ለናዝራዊት ነው። የምትወጣበትን መሰላል ደግሞ ራሷ አትቆርጥም። ሦስተኛ፣ የተቆረጠው ጠርዝ ከቀለሙ ሥር ተሞርዷል፤ እጃችሁን አሳልፉበት፣ አይቧጥጥም። ሠረቀብርሃን ሞረድ አይነካም፣ ናዝራዊት ገና አልተማረችም። ይህን ያደረገው ሰው ክፉ ሥራ እየሠራ እንኳ እጁ የለመደውን መተው አልቻለም።»

ወደ ታደለ ዞረች። «አራተኛውን አንተ ታውቀዋለህ። እሷ እግሯን ስታነሣ ጀርባህን ሰጠህ። እሳቸው ሲያነሡ ለመንክ።»

ታደለ መካድ አልሞከረም።

«እግሯ ቢሰበር ትታ ትሄዳለች ብዬ ነው» አለ። «እንድትሞት አላሰብኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከእሳቸው ጋር ነኝ፣ አንድ ቀን ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። እሷን ግን በየቀኑ! ይቅርብዎ ስላቸው... ለምን እንደሆነ ብናገር ኖሮ ይድኑ ነበር። አፈርኩ። አፍሬ ዝም አልኩ።»

እትዬ ቦሰና ባላቸውን ቀብረው ሳይጨርሱ፣ ያሳደጉትን ልጅ ፖሊሶቹ በሁለት ክንዱ ይዘው ሲያወጡት አዩ። ታደለ በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ናዝራዊት ዞረ። ናዝራዊት ለቅሶው ላይ ከጎኗ የተቀመጠው አዝኖላት ሳይሆን ጥፋቱ ከብዶት እንደነበር አሁን ገባት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አልገደለችም። ሆኖም ውስጧን የሞላው ብቸኝነት ከትናንቱ ይብሳል። ትናንት እጄ ቢሳሳትም ታደለን የመሰለ ወንድም አለኝ ብላ ነበር።

ሠረቀብርሃን ተከትሏቸው ወጣ። እትዬ ቦሰና ቀስ ብለው መጡና የደማውን አውራ ጣቷን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት። ናዝራዊት ሊያቅፏት መስሏት ብድግ አለች።

«ልጄ፣ አንቺ ጥፋት የለብሽም» አሏት። «እግዜር ያውቃል፣ የለብሽም። ግን አንቺን ባየሁ ቁጥር ሁለቱንም ነው የማየው። ከእንግዲህ እዚህ ቤትም ወርክሾፑም አትምጪ።»

ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ቤት ገቡ፤ በሩም ተዘጋ። ሮዳስ ክሱ መቅረቱን፣ ነፃ መሆኗንና ማንም ጣቱን እንደማይቀስርባት አስረዳቻት። ናዝራዊት አንገቷን እየነቀነቀች እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«እሺ ኢንስፔክተር» አለች። «አሁን የት ልሂድ?»